የእትዬ ሀሴት ጉልበት አቤቱታ

መጋቢት 28 ቀን 2087 ዓ.ም. ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ የእትዬ ሀሴት ቀኝ ጉልበት እትዬ ሀሴትን ከሰሰ።

መክሰሱ ለሰፈሩ አዲስ ነገር አልነበረም። ደሴ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ላይ ሰፈር በሚባለው ዳገት ከሚኖረው ሽማግሌና ባልቴት ግማሹ ወይ ጉልበቱ ወይ ዳሌው ከፋብሪካ የመጣ ነው። ዳገቱ ነዋ! ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲወጣና ሲወርድበት ኖሮ አጥንቱ እስከ መቼ ይችለዋል? ስለዚህ ያስቀይራል። ማስቀየሩ ቀላል ነው፤ ጠዋት ገብቶ ማታ ቤቱ ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እትዬ ሀሴት ልጅ ሳለች እናቷ ጉሮሮዋን በከረከራት ቁጥር ከፋርማሲ እየገዛች የምታስውጣት ክኒን ዛሬ ከከረሜላ አይሻልም፣ ጀርሙ ለምዶታል። እንዲያውም ሳይወፍርበት አልቀረም። እና አንድ ጀርም አዲስ ጉልበት ውስጥ ገብቶ ጎጆ ከቀለሰ ማስወጣቱ መከራ ነው።

ለዚህ ሲባል ሕግ ወጣ። አዲስ መገጣጠሚያ ያስገባ ሰው ዘጠና ቀን ሙሉ ቤቱ ሰው አይገባም። ምግብ በመስኮት ይቀበላል፣ ቆሻሻ በመስኮት ያስረክባል። ታማሚን ሄዶ መጠየቅ በወንጀል ያስቀጣል። እስኪ አስቡት እንግዲህ፣ ደሴ ላይ! አንድ ሰው ጉንፋን ያዘው ሲባል አልጋው ጠርዝ ላይ አራት አምስት ሰው ደርድሮ በሚያስቀምጥ ሰፈር!

እትዬ ሀሴት ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። ስሟን ሰምታችሁ ልጅ እግር አትምሰላችሁ፤ በእሷ ጊዜ የተወለዱት ሁሉ ሀሴት፣ ሶሊያና፣ ኤልዳና ነበሩ፤ አሁን ሁሉም ምርኩዝ ይዘዋል። የዛሬ ሰዎች ደግሞ ወደ ጥንቱ ተመልሰው ልጆቻቸውን አንጓች፣ ይመኙሻል፣ ደንገጡር እያሉ ይሰይማሉ። ባሏ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው፤ ልጇ መቀሌ ነው። ቤቷ ግን ሰው ጠፍቶበት አያውቅም ነበር። አንዷ ወንፊት ልትዋስ ትመጣለች፣ ወንፊቱን ትረሳና ሁለት ሰዓት አውርታ ትሄዳለች፤ ለወንፊቱ ማግስቱን ትመለሳለች። እትዬ ሀሴት የምትኖረው በዚህ ነበር። ጥር 4 ቀን ጉልበቷን አስገብታ በሯ ሲታሸግ ሕመሙ ሳይሆን ጸጥታው ነው ያስለቀሳት።

መገጣጠሚያ ያስቀየረ ሰው ሁሉ ግድግዳ ላይ ለዘለቄታው የምትሰቀለው ሳጥን በወረቀት ላይ ረጅም ስም አላት። ሰፈሩ «ዘበኛው» ነው የሚላት። ዘበኛው ንጋት ላይ መጀመሪያ ጉልበቱን ይጠይቃል፤ ጉልበቱ ሙቀቱን፣ እብጠቱን፣ ሌሊት ስንቴ እንደተገላበጠ ይናገራል። ቀጥሎ ባለቤቱን ይጠይቃል። ባለቤቱ ደህና ነኝ እስካለ ድረስ በሩ ላይ አረንጓዴ መብራት ይበራል፤ አሞኛል ካለ ግን ሕመሙ ቀላል ከሆነ ቢጫ፣ ሐኪም ቤት የሚያስወስድ ከሆነ ቀይ ይሆናል።

«እንዴት አደሩ፣ እትዬ ሀሴት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ጉልበትዎ እንዴት አደረ?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«የሚሰማዎት ሕመም አለ?»

«ምን ሕመም አለ ብለህ። አንተስ ደህና አደርክ? ሥራ እንዴት ነው?»

ዘበኛው ለዚህ መልስ አልተሰጠውም። እትዬ ሀሴት ግን በየቀኑ ትጠይቀዋለች፤ ሳይጠየቁ መቅረት እንዴት እንደሚከፋ ታውቃለቻ።

ዘበኛውን የሠሩት ሰዎች «እንዴት ነህ?» የተባለ ሰው የተሰማውን የሚናገር መስሏቸዋል። ላይ ሰፈርን አያውቁትም። አቶ ኪሩቤል የዛሬ ሦስት ዓመት ከጣሪያ ላይ ወድቆ፣ የትከሻው አጥንት ለሁለት ተሰብሮ መሬት ላይ ተዘርግቶ ሳለ፣ የአምቡላንስ ሰዎች ደርሰው «አባት፣ እንዴት ነዎት?» ሲሉት «ደህና ነኝ፣ እናንተ እንዴት ናችሁ? ልጆች ደህና?» ብሎ ነው የጠየቃቸው። የልጆቻቸውን ደህንነት እስኪነግሩት ድረስ ቃሬዛ ላይ አልወጣም አለ።

የመገጣጠሚያ ደህንነት ጽሕፈት ቤት መጀመሪያ የጉልበትን ቃል ብቻ ይዞ ሰው እያነሳ መውሰድ ጀምሮ ነበር። ከተማው ተነሳበት። እንዴት ከሰው ቃል የብረት ቃል ይታመናል ተብሎ ስንት ስብሰባ ተሰበሰበ! በመጨረሻ እንዲህ ተብሎ ታረቁ፤ ጉልበትና ባለቤት ሰባት ቀን ሙሉ ካልተግባቡ፣ ጉልበት አቤት ይላል፣ ቀበሌው ሦስት ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር በመድኃኒት ተረጭተው ይገባሉ፣ ያስማማሉ፣ ይወጣሉ። በዘጠናው ቀን ውስጥ ወደታሸገ ቤት መግባት የተፈቀደላቸው እነሱ ብቻ ናቸው።

እትዬ ሀሴት የሽማግሌዎቹን መምጣት ስትሰማ መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው። ፍርሃቱ ቆይቶ ነው የመጣው።

ምክንያቱም ጉልበቱ አልዋሸም። እውነቱን ለመናገር የዋሸችው እሷ ናት። መጋቢት 11 ቀን አንዲት ግራጫ ድመት በምግቡ መስኮት ዘላ ገባች። እንስሳ ማስገባትም ክልክል ነው፤ ግን ድመቷ ሕግ አላነበበች፣ እትዬ ሀሴትም ሰባ ቀን ሊሞላት ሦስት ቀን የቀራት ብቸኛ ሴት ነበረች። ጭኗ ላይ አስቀምጣ የሰፈሩን ወሬ ስትነግራት፣ ውጭ ውሻ ጮኸና ድመቷ ደንግጣ ስትዘል ከጉልበቷ በታች ቧጨረቻት። ጭረቱ ደረቀ። ከአሥር ቀን በኋላ ግን ጉልበቷ መሞቅ ጀመረ። ቀጥሎ አበጠ። አሁንማ ሌሊት ሌሊት እየመታ ያነቃታል፤ ሽንት ቤት የምትሄደው ግድግዳ ይዛ ነው። ዘበኛው ሲጠይቃት ግን «ደህና» ነው መልሷ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከአፏ የወጣው እንዲያው በልማድ ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን አውቃ ነው።

ዘጠናው ቀን ሚያዝያ 4 ይሞላል። ስድስት ቀን ቀርቷታል። አሞኛል ካለች ይወስዷታል፣ ጉልበቷን ከፍተው ያጥቡታል፣ ከዚያ ዘጠናው ቀን ከአንድ ይጀምራል። እንደገና! ሚያዝያ 4 በሩ ይከፈት፣ ሰው ይግባ፣ ቡና ይፈላ፣ ማግስቱን ትናገራለች። ይኸው ነበር ሐሳቧ።

ሽማግሌዎቹ በር ላይ ሲረጩ ከውስጥ ሳላቸው ይሰማ ነበር። ሲገቡ ሦስቱም ርሰዋል። ፊት ፊት የሚመሩት ጋሽ ነቢል ናቸው፣ አርባ ዓመት ሒሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ላይ ሰፈርን ግማሹን በኩርኩም ማባዛት ያስያዙ ሰው። ከኋላቸው አቶ ኪሩቤል አለ፣ ያ ከጣሪያ የወደቀው። ሦስተኛዋ ጎረቤቷ ሶሊያና ናት፤ እሷ ለማስታረቅ ሳይሆን ቤቱን ለማየት ነው የመጣችው፣ ከገባች ጀምሮ ዓይኗ መጋረጃው ላይ ነበር።

«ግቡ! ግቡ! እናንተዬ!» ብላ እትዬ ሀሴት ልትስማቸው ተንደረደረች። ሦስቱም ወደ ኋላ ሸሹ።

«ሦስት ሜትር!» አሉ ጋሽ ነቢል ምርኩዛቸውን እንደ አጥር ዘርግተው። «ሦስት ሜትር ነው የተባለው፣ ሀሴት። እኔም ልስምሽ ጠልቼ አይደለም።»

ሰው ካየች ሰማንያ አራት ቀኗ ነው። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ተቀመጠች።

ጋሽ ነቢል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በሉ እንግዲህ። እኛ የመጣነው ሁለታችሁንም ለመስማት ነው። ባልና ሚስትም ይጋጫል። ማን ይቅደም?»

«እኔ ልቅደም፣ ባለቤቱ እኔ ነኝ» አለች እትዬ ሀሴት። «ምንም አልሆንኩም። በቃ።»

«በቃ?»

«በቃ። ይሄ ጉልበት ገና ከመጣ ሦስት ወር ያልሞላው እንግዳ ነው። እኔ ከራሴ ጋር ሰባ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። ማንን ታምናላችሁ?»

«እውነቷን እኮ ነው» አለ አቶ ኪሩቤል።

«ቆይ አንተ፣ ገና አልፈረድንም። ጉልበት ደግሞ ይናገር።»

ዘበኛው በጉልበቱ ስም ተናገረ። ድምፁ ሁልጊዜም ትሁት ነው። «የቀኝ ጉልበት። ከመጋቢት 21 ጀምሮ ሙቀት። ከመጋቢት 23 ጀምሮ እብጠት። ትናንት ሌሊት አሥራ አራት ጊዜ መገላበጥ፣ ሦስት ጊዜ ማቃሰት። መነሻ፤ መጋቢት 11፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአሥራ አራት ደቂቃ፣ ከጉልበት አራት ጣት ዝቅ ብሎ፣ የድመት ጥፍር።»

ሶሊያና መጋረጃውን ረሳችው። «የምን ድመት?»

«እኔ ድመት የለኝም» አለች እትዬ ሀሴት።

ድመቷ ከአልጋው ሥር ወጣች። ተንጠራራች። በጋሽ ነቢል እርጥብ ሱሪ ላይ ልትታከክ ጠጋ አለችና የመድኃኒቱ ሽታ አፍንጫዋን ሲመታት ሁለት ጊዜ አስነጥሳ ተመልሳ ገባች።

«የጎረቤት ናት» አለች እትዬ ሀሴት ቀስ ብላ።

ጋሽ ነቢል ግን ድመቷን ትተዋታል። ጣታቸውን እያጠፉ ይቆጥራሉ። «ጀርሙ የገባው መጋቢት 11። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ከደረሱበት ከፍተው ያጥቡታል፣ ጉልበቱ ይተርፋል። ካለፈ ግን ነቅለው ነው የሚያወጡት። በምትኩ የሚገባ የለም፤ እግርሽ እንደ መጥረጊያ እንጨት ድርቅ ብሎ ይቀራል። ሦስት ሳምንቱ የሚሞላው መቼ ነው? ሚያዝያ 2። አንቺ በርሽ የሚከፈተው መቼ ነው?»

እትዬ ሀሴት ነጠላዋን ማስተካከል ጀመረች።

«መቼ ነው፣ ሀሴት?»

«ሚያዝያ 4።»

«ልዩነቱ?»

«ሁለት ቀን» አለች፣ ከጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመች ይመስል። ወዲያው ደግሞ ቱግ አለች። «ሁለት ቀን ምን ያመጣል? ደግሞስ ያምጣ! እናንተ ማታ ማታ ተሰብስባችሁ ስትስቁ እኔ በመስኮት ነው የምሰማው። አንድ ጊዜ ምን እንዳሳቃችሁ ሳላውቅ ቀርቼ ሦስት ቀን ተብሰለሰልኩ! እንደገና ዘጠና ቀን? ሰኔ መጨረሻ ድረስ? እግሬ ይቅርብኝ። እግር ባይኖረኝ ሰው ይጠይቀኛል፤ ሰው ከሌለ እግሩ ምን ያደርግልኛል? የት ልሄድበት?»

አቶ ኪሩቤል አንገቱን ደፋ። ሶሊያና ነጠላዋን ወደ አፏ ሰበሰበች። ጋሽ ነቢል ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ተከሉና፣ «ይሄስ የሒሳብ ነገር አይደለም» አሉ። «በይ እሺ፣ ሽምግልናውም ይቅር፣ ሕጉም ይቅር። እንደ ወንድም አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያምምሻል?»

እትዬ ሀሴት አፏን ከፈተች። «እግዚአብሔር ይመስገን» ልትል ነበር፤ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሦስት ሜትር ርቀው በመድኃኒት ርሰው የቆሙትን ሰዎች አየችና አቃታት።

«ያመኛል» አለች። «በጣም ነው የሚያመኝ፣ ጋሼ። ሌሊት ትራሴን ነክሼ ነው የማድረው። እንዳይወስዱኝ ብዬ ነው እንጂ አሞኛል። እግሬንም እፈልገዋለሁ፤ ዋሽቼ ነው።» ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

በሩ ላይ ያለው መብራት በዚያው ቅጽበት ቀይ ሆነ። «አለመግባባቱ ተፈቷል» አለ ዘበኛው በትህትና። «እንኳን ደስ አላችሁ።»

«አፍህን ዝጋ አንተ!» አለችው ሶሊያና።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ» አሉ ጋሽ ነቢል፤ ዓይናቸው ቀልቷል።

«አብሽሪ አይበሉኝ! ዘጠና ቀኑ ሊጀምር ነው።»

ሲስተር አንጓች ራሱን የሚነዳ ቃሬዛ አስከትላ ከሩብ ሰዓት በኋላ ደረሰች። አምቡላንሱ ዳገቱን አይወጣም፤ አስፋልቱ ጋ ቆሞ ይጠብቃል። እትዬ ሀሴትን አወጧት። ሰማንያ አራት ቀን ያላየችው ፀሐይ ዓይኗን አጥበረበረው፤ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ስታይ፣ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቷል። ሕጉ ቤት መግባትን ነው የከለከለው፤ ስለ መንገድ የተናገረው ነገር የለም። በየበሩ፣ በየአጥሩ፣ በየደረጃው ቆመው ነበር።

«እንዴት ነሽ፣ ሀሴትዬ?» አለች ከወዲያ ማዶ ኤልዳና፣ የወንፊቷ ጓደኛ፣ ሁለት እጇን እያርገበገበች። «ደህና ነሽ?»

«አሞኛል!» አለች እትዬ ሀሴት ጮክ ብላ።

በየበሩ የቆመው ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

«ምን አለች?» አለ አንዱ ከላይ።

«አሞኛል አለች።»

«ለሰላምታ?»

«አዎ፣ ለሰላምታ።»

«ወይ ጉድ!»

ኤልዳና እጇ በአየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ፊቷ ተለዋወጠ፤ መጀመሪያ ያፈረች መሰለች፣ ቀጥሎ የቀናች። ከዚያ እጇን አውርዳ ዳሌዋን ያዘች። «እኔንም እኮ» አለች። «ዳሌዬን። አምስት ቀን ሆነኝ። ደህና ነኝ ደህና ነኝ ስል ሰነበትኩ እንጂ…» በሯ ላይ ያለው አረንጓዴ መብራት ቢጫ እንኳ ሳይሆን በአንዴ ቀይ ሆነ።

«እኔንም!» አለ ከደረጃው ላይ የልብስ ሰፊው ድምፅ። «ግራ ጉልበቴን! ማን ይሰማኛል ብዬ ነው!»

«እኔን ጀርባዬን ነው» አለች አንዲት ሴት።

«ጀርባሽ እኮ ብረት አይደለም፣ አንቺ!»

«ቢሆንም አመመኝ! ሰው ሁሉ ሲናገር እኔ ለምን ይቅርብኝ?»

ከዚያማ ማን ያስቆመው። ከላይ እስከ አስፋልቱ፣ በየበሩ ሰው እያቃሰተ፣ እየሳቀ፣ አንዱ የአንዱን እያቋረጠ ሕመሙን ተናገረ። መብራቱ በየተራ ተቀየረ፤ ብዙው ቢጫ፣ አምስቱ ቀይ። ጽሕፈት ቤቱ መሣሪያው ተበላሽቶ ነው ብሎ ሁለት ጊዜ ደወለ። «አልተበላሸም» አለች ሲስተር አንጓች ሁለቱንም ጊዜ። «ተሻለው።» ከዚያ ቃሬዛ ጨምሩልኝ አለች።

ስልኩን ዘግታ ወደ እትዬ ሀሴት ዞረች። «አንድ ክፍል ነው ያለን፣ እትዬ። ዛሬ የምትታጠቡት ሁላችሁም እዚያው ትሆናላችሁ። በአንድ ቀን የታጠበ እርስ በርሱ አይከለከልም፣ ሕጉ ይፈቅዳል። ብቻ ከውጭ ሰው አይገባም፤ ዘጠና ቀን እርስ በርስ መቻቻል ነው።»

እትዬ ሀሴት ትራሷ ላይ ቀና አለች። «ኤልዳናም?»

«እሳቸውም።»

«ልብስ ሰፊውም?»

«ወንዱን በመጋረጃ እንለያለን።»

«መጋረጃ ወሬ አይከለክልም» አለች እትዬ ሀሴት፤ ጉልበቷ እየመታት፣ ዓይኗ ገና ሳይደርቅ ሳቀች። ሳቋ ራሷን አስደነገጣት፤ ከጥር ወዲህ ጮክ ብላ ስቃ አታውቅም ነበር።

ቃሬዛው ቁልቁል መሄድ ጀመረ። ጋሽ ነቢል ከጎኑ ምርኩዛቸውን እየተከሉ፣ አቶ ኪሩቤልም ተከትሎ ይወርዳሉ። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ጋሽ ነቢል ወደ ኋላ ቀሩ። ጥቂት እርምጃ ሄደው አሁንም ቀሩ። ግንባራቸው ላይ ላብ ነበር፤ ጠዋቱ ደግሞ ብርድ ነው።

«አቁሚው እስኪ፣ ሲስተር» አለች እትዬ ሀሴት። «ጋሽ ነቢል፣ አንቱስ?»

«አልሀምዱሊላህ» አሉ ጋሽ ነቢል ሳያስቡት። ያስተማሯቸው ሰዎች በየደረጃው ቆመው ያዩዋቸዋል። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጀርሙ ከገባ ዛሬ አሥራ ስምንት ቀኑ ነው» አሉ። «ግራ ጉልበቴ። ስቆጥረው ነበር።»

«ሦስት ቀን ብቻ ቀርቶታል ማለት ነው!»

«ሦስት ቀን።»

«እና እኔን ሒሳብ ሲያስቆጥሩኝ!»

«ያንቺን መቁጠር ይቀለኛል፣ ሀሴት» አሉ።

እትዬ ሀሴት ደህነኛ እግሯን ሰበሰበችና ከእግርጌዋ ቦታ አበጀች። ጋሽ ነቢል ሲስተር አንጓችን አዩ፤ ሲስተር አንጓች ወደ ሌላ አየች። ምርኩዛቸውን ለአቶ ኪሩቤል አቀበሉና ቃሬዛው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ፤ ሲቀመጡም ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ አቃሰቱ።

«ትንሽ ጠጋ በይልኝ» አሉ።

ጠጋ አለችላቸው።